የስንቅ ተራ

ሰቆጣ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሸጌ፣

አትደንግጪ፤ ደጅይጥኑ ደህና ናት። ልጇን ሰው ዘንድ ትታ የሄደች እናት ረጅም ጽሑፍ ሲመጣላት መጀመሪያ የምትፈልገው ይህችን ቃል ነውና አስቀደምኩልሽ።

እኔም አለሁ። አሞኛል አልልሽም፤ ደክሞኛል። ተኝቼ ስነሳ አብሮኝ የሚነሳ ድካም ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። በመሀል ጦርነቱ መጣና ክፍሎቹ የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ፤ አሁን ግድግዳው ላይ የምድጃ ጥላሸት ባለበት ክፍል ሰማንያ ልጅ ይዤ አስተምራለሁ። ዛሬ ምዝገባ ላይ ነኝ። እስከ ስድስት ሰዓት የመጣው ሦስት ልጅ ብቻ ነው፤ ዝናቡም አለ፣ ወላጁም እንቁጣጣሽ ይለፍ ይላል። ባልደረቦቼ ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል። እኔ ባዶ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጬ በተረፈ የፈተና ወረቀት ጀርባ እጽፍልሻለሁ፤ ስጨርስ ፎቶ አንስቼ በኢሞ እልከዋለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። ማዳምሽ ስልኩን የምትሰጥሽ ዓርብ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው ብልሽ ሰበብ ነው። እውነቱ፣ ድምፅሽን ስሰማ እፈራለሁ። አንቺም «ተይው በቃ፣ ያለፈ ነገር ነው» ትዪኛለሽ፣ እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የተውኩት። የዛሬ አሥር ቀን ዓርብ «ልጄን አንቺ ዘንድ አድርጊልኝ፤ ከአንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ግን ልጅሽን እጄ ላይ ከማኖርሽ በፊት ይህ እጅ ምን እንደሠራ ማወቅ አለብሽ።

ሲደክመኝ የምጫወተው አንድ ጨዋታ አለኝ። ስብሰባ ላይ፣ የዘይት ሰልፍ ላይ፣ እንደ ዛሬው ባዶ ክፍል ውስጥ። ዓይኔን ጨፍኜ ስከፍት ሰባተኛ ክፍል ነኝ፤ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ አንቺም አጠገቤ ነሽ፤ ልቤ ግን የአሁኑ ነው፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ልብ። ከዚያ እንደ አዲስ እማራለሁ።

መጀመሪያ የማገኘው መምህር ምንዋጋውን ነው፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣውን የሒሳብ መምህራችንን። ኮቴውን ስንሰማ ትንፋሻችን ይቆም ነበር። አሁን ሳሰላው ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ዛሬ ልጄ ብዬ የምጠራው ዕድሜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቱ የማይወጣው ኩራት ይዞት ይመስለን ነበር። ያለችውን አንዲት ሸሚዝ አጥቦ እስክትደርቅ እየጠበቀ ነበር ለካ። በአገውኛ እያማነው ፊቱ ላይ ስንስቅ፣ ምን እንደምንል ሳይገባው አብሮን ፈገግ ይል ነበር። በአሁኑ ልቤ ብሆን፣ ዱላውን ሲያነሳ «አይዞህ ልጄ፣ ደመወዝ ዘገየ አይደል?» እለው ነበር። ዱላውን እላዬ ላይ እንደሚሰብረው አውቃለሁ። ቢሆንም እለው ነበር።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲሯሯጡ እኔ ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ምነው አረጀሽ እንዴ ትዪኛለሽ፤ አዎ እልሻለሁ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ። በዚህ ሁሉ ዕውቀት የቤት ሥራውን በአንድ ትንፋሽ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ ግን አማርኛ አስተማሪ ነኝና ክፍልፋይ ላይ ስደርስ አሁንም ወደ አንቺ ደብተር አሾልቄ አያለሁ።

ከዚያ ወደ ቤታችን እገባለሁ፤ ወይዘሮ አመተ ማርያም ግቢ ወደተከራየናት፣ ሁለታችን ከተኛንባት በሩ ወደማይከፈተው ክፍል። ሴትዮዋን እንዴት እንጠላት ነበር። የምንቀዳውን ውሃ በጣሳ ትቆጥርብን ነበር። ስንቃችን በሚያልቅበት ሐሙስ ግን የማድቤቷን በር ሳትቆልፍ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። እኛ ረስታው መስሎን ሽሮ እየሰረቅን፣ ጎበዝ ሌባ ወጣን እያልን እንስቅ ነበር። ጣሳ የምትቆጥር ሴት ቁልፍ አትረሳም፣ ያውም ሐሙስን እየጠበቀች። ይህ የገባኝ እኔም ቤት ይዤ፣ የተራበ ተማሪ በደጄ ሲመላለስ ካየሁ በኋላ ነው።

ጨዋታው እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል።

ከጋዝጊብላ ወጥተን ሰቆጣ ስንገባ ቤተሰቦቻችን የተስማሙት በየሁለት ሳምንቱ አንዳችን በተራ እንድንሄድ ነበር። ቅዳሜ ሄዶ፣ የሁለታችንን ስንቅ ተሸክሞ እሁድ መመለስ። አምስት ሰዓት መንገድ፤ ሲሄዱ ባዶ ከረጢት፣ ሲመለሱ ሁለት ሰው የሚበላው በሶና ሽሮ በጀርባ። በማበጠሪያም በኩራዝም ተጣልተናል፤ በስንቅ ተራ ግን ተጣልተን አናውቅም። ያ የጥር ቅዳሜ ተራው የእኔ ነበር። ይህን አንቺም ታስታውሻለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ።

ጥምቀት አልፎ በመጣው የገበያ ቀን፣ አንቺ ልብስ ስታጥቢ እኔ ጨው ልገዛ ወጣሁ። አባትሽን አገኘኋቸው። አህያቸው ጌሾ ተጭናለች፣ ግራና ቀኝ ሙሉ ጆንያ። የገጠር ልጅ ነኝ። የበዓል ጌሾ በቋጠሮ ይገዛል፤ አህያ የሚጫነው የሠርግ ነው። ከእናንተ ቤት ደግሞ ለመዳር የደረሰች ሴት ልጅ ከአንቺ በቀር አልነበረችም። አባትሽ ማወቄን ከፊቴ አነበቡ፣ አልካዱኝም። ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ ፈተና ደርሷል፣ ሐሳቧ ይበተናል አሉኝ። ከዚያ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ገዝተው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። እጅ ነስቼ ነው የተቀበልኩት።

ለምን ዝም አልኩ? አባትሽን ፈርቼ ነው ስል ኖርኩ። ውሸት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንቺ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ካርድ በተሰጠ ቁጥር አባቴ የአባትሽን ስም እየጠራ ያቺ የቢያዝን ልጅ ምን በልታ ነው እያለ ይጠይቀኝ ነበር። እወድሽ ነበር ሸጌ፤ ከእህቶቼ አብልጬ እወድሽ ነበር። እቀናብሽም ነበር። ሁለቱ በአንድ ሆድ ውስጥ ሳይጣሉ ይኖሩ ነበር። ፈተናው ሳምንት ቀርቶታል፤ እኔ ስንቅ ላመጣ ብሄድ ሁለት የጥናት ቀን ይባክንብኛል። አንቺ ብትሄጂ ግን ላትመለሺ እንደምትችዪ አውቅ ነበር። አውቄ ነው፤ ሳላውቅ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ተኛሁ። አንቺ አላቅማማሽም። ውሃ ቀዳሽልኝ፣ የተረፈችውን ቆሎ ራስጌዬ አደረግሽልኝ፣ ባዶውን ከረጢት አጥፈሽ በብብትሽ ይዘሽ ወጣሽ። እሁድ ስመጣ ክፍልፋዩን አብረን እንሠራዋለን አልሽኝ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ በአንቺ የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። በእኔ በኩል የሆነው ይህ ነው። ማክሰኞ ዕለት አንድ የሰፈራችን ሰው የእኔን ስንቅ ብቻ ይዞ መጣ። የሸጌስ ብዬ አልጠየቅሁትም። ከበሶው ጋር የሠርግሽ ድፎ ዳቦ ቁራጭ ነበረበት፤ እናቴ ናት የላከችልኝ። በላሁት። መምህር ምንዋጋው ባዶ ቦታሽን እያየ ሦስት ቀን ተከታትሎ ሸጌ ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ሦስቱንም ቀን አላውቅም አልኩት። ካርድ ሲሰጥ አንደኛ ወጣሁ። አባቴ ግንባሬን ሳመኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የእኛ ነገር ተገላቢጦሽ ሆኗል፤ የወጋሁት እኔ አልረሳሁም፣ አንቺ ደግሞ ማን እንደወጋሽ እንኳ አታውቂም። ትዳሩ ፈርሶ፣ ልጅሽን በስምንት ዓመቷ ለአባትሽ ትተሽ ባሕር ስትሻገሪ፣ ስልኬን አፈላልገሽ ያገኘሽ አንቺ ነሽ። በየፋሲካው ልብስ የምትልኪልኝም አንቺ ነሽ። አንዱንም ለብሼው አላውቅም፤ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ሰፋኝ፣ ጠበበኝ እያልኩ የምዋሽሽ ስለዚህ ነው።

እና በጨዋታዬ ያንን ቅዳሜ በአሁኑ ልቤ ለማስተካከል ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዳንዴ አትሂጂ እልሻለሁ። አንቺም አባቴ እንዲህ አያደርግም ትዪኛለሽ፣ ፍየል ሸጠው ደብተር የገዙልሽ አባት ናቸውና። አንዳንዴ ተራዬን እኔው እሄዳለሁ፤ እነሱ ደግሞ በሳምንቱ መጥተው ይወስዱሻል። አዋቂ ስትሆኚ ጨዋታውም ቀላል አይደለም፤ መዘዙ ሁሉ ይታይሻል። የምንበላውን አስባለሁ፣ የቤት ኪራዩን አስባለሁ፣ አባትሽ በሰው ፊት የሚያፍሩትን አስባለሁ። ግን ለመምህር ምንዋጋው ብነግረው ያ ባለ አንድ ሸሚዝ ልጅ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን አባትሽ ዘንድ ይሄድልሽ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የጠየቀኝ ለዚያ ነበር። ወይዘሮ አመተ ማርያምም ደብቃ ታኖርሽ ነበር። እሷን በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ድረዋት ኖሯል፤ ኋላ፣ ልትሞት አካባቢ፣ ራሷ ነግራኛለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር ነው። ለዚህ የአዋቂ ልብ አያስፈልገኝም ነበር። ሸጌ፣ ተራው የእኔ ነው፣ አንቺ አትሂጂ ለማለት ያኔ የነበረኝ ልብ ይበቃ ነበር።

የአዋቂውን ልብ ይዤስ ምን ሠራሁ? አደራ በሰጠሽኝ ማግስት አባትሽ ዘንድ ሄድኩ። እስከ ወረዳችን ከተማ እስከ አስከተማ በመኪና፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ፈዟል። እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። ዘጠነኛ ክፍል ትግባ ስላቸው አዳመጡኝና፣ ልጅቷን ውሃ ቅጂ ብለው ከላኩ በኋላ ለጥር ጨርሰናል አሉኝ። የሚያገባት ልጅ ከጎረቤት ወረዳ ከደሃና ነው፤ ቤተሰቡ መሬትም ከብትም አለው። ክፉ ሰው አይደሉም ሸጌ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። እናቷ በሰው አገር ቀረች፣ እኔ ነገ ብሞት ማን ይሰበስባታል ነው የሚሉት። ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«አንቺ ያኔም አፍሽን ያዝሽልኝ። አሁንም ለእናቷ እንዳትነግሪብኝ፤ በሰው አገር ሐሳቧ ይበተናል።»

በዚህ ዓለም ላይ ምስጢር ጠባቂ ብሎ ያመሰገነኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔም የቀረበልኝን ጠላ ጠጥቼ፣ እሺ አባ ብዬ ወጣሁ። ባለፈው ዓርብ ስትደውዪ አባቴ ምን አለ አልሽኝ። ደህና ናቸው፣ እናስብበት አሉ አልኩሽ። አመሰገንሽኝ። ዝም አይነቅዝም ሲሉ እሰማለሁ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ዱቄቱ ነው የቀረኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። አባትሽን ዋሸኋቸው። የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን ለመውሰድ እንኳ በአካል መቅረብ አለባት፣ ፎቶና ፊርማ ይፈለጋል፣ ባትማርበትም ወረቀቱ ይቀመጥላት አልኳቸው። የመንግሥት ነገር ጣጣው አያልቅም አሉና ፈቀዱ። ጥርጣሬ የሚባል አልገባቸውም፤ እኔን ያምኑኛላ። እዚያው አድሬ እሁድ ጠዋት ልጅሽን ይዤ ወጣሁ። ለጥር የታሰበላትን መንገድ ላይ ነገርኳት። ስትሰማ አልደነገጠችም፤ ጠርጥራ ኖሯል፣ ለማን እንደምትናገር ቸግሯት ነው። አስከተማ ልንደርስ ስንል፣

«እናቴ ጎበዝ ተማሪ ነበረች ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

አንደኛ ነበረች አልኳት። እርስዎስ አለችኝ። ሁለተኛ አልኳት። ትንሽ ሄድንና ቆመች።

«አብራችሁ ነበር የምትማሩት አሉ። እናቴን ሲድሯት እርስዎ የት ነበሩ?»

ነገሯ ክፋት የለውም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔ ግን ከጭቃው መንገድ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ለእናትሽ ልንገራት፣ ከዚያ ለአንቺ እነግርሻለሁ አልኳት። እሺ አለችኝ፣ ቦርሳዬን ተቀብላኝ ቀድማ ሄደች። አረማመዷ የአንቺ ነው።

አሁን ነግሬሻለሁ። ለእሷ እኔ ልንገራት ወይስ አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ እሱን ላንቺ ትቻለሁ። ይቅር በዪኝ ግን ዛሬ አልልሽም፤ ልጅሽ ቤቴ ተቀምጣ ይቅርታ ብጠይቅሽ እሷን መያዣ ያደረግሁ ይመስለኛል። አባትሽ ሲቆይባቸው ሊወስዷት ይመጣሉ። ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት ለሃናና ለሴቶች ጉዳይ ሰዎች ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ተናግሬያለሁ፣ የእኔንም ጭምር። እኔ ዘንድ እንድትኖር ካልወደድሽ ሃና ቤቷ ትወስዳታለች፤ ጠይቄያት እሺ ብላኛለች። ወደ ጋዝጊብላ ግን አልመልሳትም። ይህን አንቺም ብታዢኝ አላደርገውም።

የሁለተኛ ደረጃውን መመዝገቢያ ቅጽ አምጥቼ ሞልቼዋለሁ። ስሟን ጻፍኩ፣ የትውልድ ዘመኗን ጻፍኩ፣ ውጤቷን ጻፍኩ፤ ሰማንያ ስምንት ነው ያመጣችው፣ ማንም አልነገረሽም መሰለኝ። ከታች የአሳዳጊ ስም የሚል መስመር አለ። ስሜን ልጽፍ እስክሪብቶውን አስጠጋሁና ባዶውን ተውኩት። ምዝገባው እንቁጣጣሽ አልፎም ይቆያል። ዓርብ ስትደውዪ ማን ብዬ እንደምጽፍ ንገሪኝ፤ ያልሽኝን ስም እጽፋለሁ።

ሠርካለም